ስክሪን ተቀየረ፣ ባስ ጠፋ፦ ባለ 9 ኢንቹ አንድሮይድ ቴፕና የአዳማ ገጠማ ሲገመገሙ

ፍርዱን ከፊት እናድርገው። መኪናዋ ያለ ፋብሪካ አምፕሊፋየር (የድምፅ ጉልበት ማሳደጊያ) የመጣች ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ዲዛየር ከሆነች፣ አዳማ ባሉ የመኪና ዲኮር ቤቶች የሚሸጠው ስም የለሽ ባለ 9 ኢንች አንድሮይድ ቴፕ ለገንዘቡ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ከ5 ኮከብ 4ቱን ያገኛል። የበሩ ስፒከር ወንፊት ላይ «ጄቢኤል» የሚል የድምፅ ዕቃ ምልክት ካለ ወይም ከኋላ የፋብሪካ ሰብዉፈር (ባስ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ከተቀመጠ ግን ያው ዕቃ፣ በተለመደው አገጣጠም፣ ወደ 2 ተኩል ይወርዳል። ልዩነቱን የሚያመጡት ከስክሪኑ ጀርባ የሚወጡ ሁለት ሽቦዎች ናቸው፦ አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ጫፉ ላይ «ሰብ» (ሰብዉፈር) የሚል ወረቀት የተጠቀለለበት የአርሲኤ ኬብል፣ ማለትም የድምፅ ሲግናል ወደ አምፕሊፋየር የሚወስድ ገመድ።

ስለ ካሜራው፣ ስለ ካርታውና ስለ ዩቲዩቡ እዚህ ብዙ አይወራም። ስክሪኑ ብሩህ ነው፣ ባለ 2 ጊጋ ራሙ ይንቀረፈፋል፣ ባለ 4 ጊጋው ይሻላል፤ አለቀ። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለችውን ራቭ 4 ወይም ፕራዶ ማደስ የሚመርጠው ብዙ ነው፤ ማደስ ሲባል ደግሞ ከፊት የሚመጣው ስክሪን ነው። ስክሪኑ ገብቶ መኪናዋ ስታምር፣ ከኋላ ያለው ሰብዉፈር ዝም ይላል። ጉዳያችን እሱ ነው።

ካርቶኑ ላይ «4×60 ዋት» ተጽፏል። ይህን ቁጥር ማንም አይመነው። ከባትሪ ጉልበት የሚወስደው ቢጫ ሽቦ ላይ ያለው ፊውዝ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፒር ነው። ሞተር ተነስቶ ዲናሞው 14.4 ቮልት ሲሰጥ 10 አምፒር ማለት 144 ዋት ነው፤ ከዚያ ላይ ስክሪኑና ፕሮሰሰሩ የሚበሉት፣ በሙቀት የሚባክነውም ይቀነሳል። ታዲያ 240ው ዋት ከየት ይመጣል? 4 ኦም ስፒከር ላይ ሳይሰነጠቅ የሚወጣው በአንድ ቻናል 20 ዋት ገደማ ነው፤ በውስጡ ቮልቴጅ የሚያሳድግ ክፍል የሌለው ቴፕ ሁሉ ከዚህ ብዙም አይዘልም። ለበር ስፒከር በቂ ነው፣ ሰብዉፈር ለመግፋት ግን አቅም ያንሰዋል። ፋብሪካው ለሰብዉፈሩ የራሱን አምፕሊፋየር የሰጠውም ለዚሁ ነው። እንደ ሞዴሉ ከተሳፋሪ ወንበር ሥር፣ ከዳሽቦርድ ጀርባ ወይም ከኋላ የጎን ሽፋን ውስጥ ይቀመጣል፤ ቴፑ ካልቀሰቀሰውና ሲግናል ካልላከለት እዚያው ተኝቶ ይቀራል።

ከካርቶኑ ውስጥ፣ ከዋናው ሶኬት ሌላ፣ አንዲት ትንሽ ላስቲክ ትወጣለች። ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ጫፍ ያላቸው የአርሲኤ ኬብሎች በአንድ ሶኬት ላይ ተጠምደው ውስጧ ታሽገዋል። ገጣሚው ፍሬሙን፣ ዋናውን ሶኬት፣ የጂፒኤስ አንቴናውንና የካሜራውን ገመድ ሰክቶ ሲጨርስ ያቺ ላስቲክ ሳትቀደድ ካርቶኑ ውስጥ ተመልሳ ለደንበኛው ትሰጣለች። አምፕሊፋየር ለሌላት መኪና ምንም አይደለም። ሰብዉፈር ያላት መኪና ግን የባሷ መንገድ ታሽጎ ቤት ሄደ ማለት ነው። ዕቃው በአግባቡ መገጠሙን ማወቅ የፈለገ ሰው ስክሪኑን ከማብራቱ በፊት ካርቶኑን ይይ።

ባለመኪናው ቅር ብሎት ሲመለስ የሚሰማው መልስ የተለመደ ነው፦ «ጋሼ፣ ሰብዉፈሩ ድሮም ተቃጥሎ ነበር፤ ከወንበር ሥር የሚገባ አዲስ እንግጠምልዎት።» ጠዋት ሲመታ የነበረ ሰብዉፈር ቴፕ በተቀየረበት ከሰዓት ተቃጠለ ማለት እምብዛም ውኃ አይቋጥርም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የድሮውን ቴፕ መልሶ ሰክቶ ማዳመጥ። ባሱ ከተመለሰ ስለ ሰብዉፈሩ መቃጠል የሚደረገው ክርክር እዚያው ያበቃል። የፋብሪካው ሶኬት ካልተቆረጠ ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

መልቲሜትር ከማውጣት በፊት ጆሮ ብዙ ይናገራል። ሁሉም ስፒከር ጸጥ ካለ የበሮቹንም የሚነዳው አምፕሊፋየር አልነቃም። የበሮቹ እየዘፈኑ ሰብዉፈሩ ብቻ ዝም ካለ ሰቡን ብቻ የሚነዳው አምፕሊፋየር አልነቃም፣ ወይም የሰቡ ሲግናል አልደረሰውም፣ ወይም ፊውዙ ሄዷል፣ ወይም በሰብዉፈሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅልል ተበጥሷል። ባሱ አለ ግን ቀጭን ከሆነ፣ ባላንሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ገፍታችሁ ስሙ፤ ግማሹን ስፒከር ዘግታችሁ ባሱ ከጨመረ የአንዱ ወገን ፕላስና ማይነስ ተገልብጧል። ዝቅ ሲል ደህና ሆኖ ከግማሽ ቮሊዩም በላይ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ፣ ለመስመር ሲግናል (ገና ላልጎላ ደካማ ሲግናል) የተሠራ መግቢያ ውስጥ የስፒከር ጉልበት እየገባ ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት የማይነስ ችግር ነው። በሬዲዮ ጊዜ የሚመታ፣ ብሉቱዝ ሲመረጥ የሚሞት ባስ ደግሞ የራሱ የሆነ አስቂኝ ምክንያት አለው፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

ከሰማያዊው ሽቦ እንጀምር። አምፕሊፋየሩ ዋናውን ጉልበት የሚያገኘው ከባትሪ በራሱ ወፍራም ሽቦ ነው፤ «ተነሣ» የሚለውን ትእዛዝ ግን ከቴፑ በቀጭን ሽቦ 12 ቮልት ሲመጣለት ይቀበላል። ገጣሚዎቻችን «ሪሞት» ይሉታል። በስም የለሹ ቴፕ ላይ ሽቦው ሰማያዊ፣ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ነጭ መስመር ያለበት ነው፤ ወረቀቱ ላይ «አምፕ-ኮን» ወይም «አንት-ኮን» ይላል። መልቲሜትሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጎ፣ ጥቁሩን ጫፍ ንጹሕ የቦዲ ብሎን ላይ፣ ቀዩን ሰማያዊው ሽቦ ላይ ማስነካት ነው። ቴፑ በርቶ 12 ገደማ፣ ጠፍቶ 0 ማሳየት አለበት። ከቴፑ ጀርባ 12 እያለ አምፕሊፋየሩ ሶኬት ላይ ሲደርስ 0 ከሆነ መሀል ላይ ተበጥሷል፣ ወይም ጭራሽ አልተገናኘም። ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ጭራሽ አልተገናኘም ብንል ብዙ አልተጋነነም።

አሁን ወደዚያ አስቂኝ ምክንያት። አንዳንድ ቴፖች ሁለት ሰማያዊ ሽቦ አላቸው፦ አንዱ አንቴና የሚያወጣ፣ ሌላው አምፕሊፋየር የሚያስነሣ። የአንቴናው በአንዳንዶቹ ቴፖች ላይ 12 ቮልት የሚሰጠው ሬዲዮ ሲመረጥ ብቻ ነው። ገጣሚው አምፕሊፋየሩን እዚያ ላይ ካሠረው ዜና እየሰማችሁ ባሱ አለ፣ ዘፈን በብሉቱዝ ስትከፍቱ የለም። ሽቦውን ወደ ሌላኛው ማዛወር ብቻ ነው መፍትሔው።

«ሽቦው ጠፋብኝ» ብሎ አምፕሊፋየሩን በቀጥታ ቢጫው ላይ የሚያሥርም አይጠፋም። ባሱ ይሠራል፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ አምፕሊፋየሩ ግን ሌሊትም አይተኛም። ግማሽ አምፒር ቢስብ እንኳ በአንድ ሙሉ ቀን 12 አምፒር-ሰዓት ነው፤ ባለ 45 አምፒር ባትሪ ሁለት ቀን ቆሞ በሦስተኛው ጠዋት ለማስነሣት ያስቸግራል። ቁልፍ ሲዞር ብቻ ጉልበት የሚያገኘው ቀዩ ሽቦ ላይ ማሠር ይሻላል፤ ባትሪ አይጨርስም፤ ሆኖም ቁልፍ በተዞረ ቁጥር «ዱብ» የሚል ምት ይሰማል፤ አምፕሊፋየሩ ቴፑ ሳይረጋጋ ስለሚነሣ ነው። ትክክለኛው ሰማያዊው ብቻ ነው። በዚህ ሽቦ ላይ ግን ፋን፣ መብራት ወይም ሌላ ጉልበት የሚበላ ዕቃ አይጫን፤ ትእዛዝ ለመስጠት የተሠራ ቀጭን መስመር ነው።

ቀለም ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው እዚህ ነው። በገበያ ቴፕ ላይ ቢጫ የባትሪ፣ ቀይ የቁልፍ፣ ጥቁር የማይነስ ነው። የብዙዎቹ የቆዩ ቶዮታዎች የፋብሪካ ሽቦ ሌላ ቋንቋ ይናገራል፦ ባትሪው ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ መስመር ያለበት፣ ቁልፉ ግራጫ፣ ማይነሱ ቡናማ። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ የኋላ ስፒከሮች ናቸው! ሶኬቱን ቆርጦ «ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፣ ቢጫ ከቢጫ» ያጋጠመ ሰው የባትሪ መስመርን ከኋላ ግራ ስፒከር ማይነስ ጋር አጋብቷል። ዕድለኛ ከሆነ ፊውዝ ይሄዳል፤ ካልሆነ የአምፕሊፋየሩ መግቢያ ወይም የቴፑ የድምፅ አይሲ (ድምፁን የሚያወጣው ቺፕ)። ስለዚህ ለመኪናው የተዘጋጀ ሶኬት ሳይኖር ቀለም እያዩ መግጠም ተቀባይነት የለውም። ለቶዮታ የሚሸጠው የተለመደው ሶኬት ባለ 10 እና ባለ 6 ፒን ጥንድ ነው። ያ ጥንድ የተሰላው አምፕሊፋየር ለሌላት መኪና ነው፤ ጄቢኤል ያለባት ላይ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ሶኬት ከዳሽቦርዱ ውስጥ ይወጣል። ከገጠማ በኋላ ምንም ያልተሰካበት ሶኬት ውስጥ ተንጠልጥሎ ከቀረ ባሱ ያለው እዚያ ነው።

አምፕሊፋየሩ ነቅቶ ሰቡ ዝም ሲል ሲግናሉን መከታተል ይቀጥላል። ስልክ ላይ ባለ 50 ኸርዝ የሙከራ ድምፅ ያውርዱ። 50 ኸርዝ የቤታችን መብራት ድግግሞሽ ነውና ርካሽ መልቲሜትርም በኤሲ ሲለካው ልክ ይናገራል። ድምፁን በብሉቱዝ ከፍተው ቮሊዩሙን ሦስት አራተኛ ያድርሱ፣ ከዚያ የ«ሰብ» አርሲኤ መሀል ፒንና ዙሪያው ቀለበት መካከል ይለኩ። ከ1 እስከ 2 ቮልት ከታየ ቴፑ ሥራውን እየሠራ ነው። ከ0.3 በታች ከሆነ ወይ በሜኑው ሰቡ ተዘግቷል፣ ወይ የቴፑ መውጫ ደካማ ነው። የዚህ ዓይነቱ ቴፕ እውነተኛ ድክመትም እዚህ ላይ ነው፤ «ሰብ» የተባለው መውጫ በአንዳንዱ ላይ የራሱ መቆጣጠሪያ የሌለው፣ የፊትና የኋላው ድምፅ ተደምሮ «ሰብ» የተባለበት ብቻ ነው። ከመግዛት በፊት ሱቅ ውስጥ ቴፑን አብርቶ ድምፅ ሜኑ ውስጥ ለሰብዉፈር የተለየ መጠንና የድግግሞሽ ማስተካከያ መኖሩን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከሌለ ሌላ ቴፕ ይምረጡ።

ሜኑው ካለ ሰቡ ይከፈት፣ ድግግሞሹ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ ይሁን፣ መጠኑ መሀል ላይ። አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ የፋብሪካ አምፕሊፋየሮች የተለየ የሰብ መግቢያ የላቸውም፤ ባሱን ከፊት ወይም ከኋላ ቻናል ራሳቸው ያጣራሉ። እንዲህ ባለው ላይ «በር ስፒከሮቹ እንዳይጎዱ» ተብሎ ቴፑ ላይ ከ120 ኸርዝ በታች ከተቆረጠ፣ አምፕሊፋየሩ የሚያጣራው ባስ አያገኝም። ባሱን ከኋላ ቻናል በሚወስድ ላይ ፌደሩን (የፊትና የኋላ ድምፅ ማካፈያውን) ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት መግፋትም ያው ነው፤ የኋላ ስፒከር ለመዝጋት ሲባል ሰቡም ይዘጋል። የፋብሪካው አምፕሊፋየር ለመኪናዋ ስፒከሮች የተስማማ ማስተካከያ በውስጡ ስለያዘ ቴፑ ላይ ያለው ኢኮላይዘር ዜሮ ላይ ቢጀመር ይመረጣል። በሱቁ ውስጥ ባስ፣ ትሬብልና ላውድነስ ሁሉንም እስከ ጥግ ከፍቶ ማስረከብ ለአምስት ደቂቃ ይማርካል። ከዚያ በኋላ ስንጥቅ ነው።

ሲግናሉ በየትኛው መንገድ ይግባ? የቴፑ የስፒከር ሽቦዎች ሁለቱም፣ ፕላሱም ማይነሱም፣ ከቦዲ አንጻር 6 ወይም 7 ቮልት ዲሲ ይዘው ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ የስፒከሩን ማይነስ ቦዲ ላይ ማሠር፣ ወይም ሁለት ማይነሶችን አንድ ላይ ማጠማዘዝ የድምፅ አይሲውን ይገድላል። አምፕሊፋየሩ የመስመር ሲግናል የሚጠብቅ ከሆነ በስፒከር ሽቦ መመገብ ደግሞ ቮሊዩም 10 ላይ ጆሮ ያደነቁራል፣ 20 ላይ ይሰነጠቃል። ንጹሑ መንገድ አርሲኤው ነው፦ መሀሉ ወደ አምፕሊፋየሩ መግቢያ ፕላስ፣ ዙሪያው ወደ ማይነስ፣ ለእያንዳንዱ ቻናል ለየብቻው። ቴፑ በቂ አርሲኤ ከሌለው የስፒከር ሲግናልን ወደ መስመር የሚያወርድ መቀነሻ መሀል ይገባል። ትንሽ ሳጥን ናት፣ ዊንጮች አሏት፤ ቮሊዩሙ ሦስት አራተኛ ላይ ሆኖ ድምፁ መሰንጠቅ እስኪጀምር ከፍ አድርጎ ትንሽ መለስ ማድረግ ነው።

ስለ መገልበጡ። ዘፈን ሲቀዳ ባሱ በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ሆኖ ነው የሚቀዳው። ሰብዉፈሩ ሁለቱን ወገን ደምሮ ይጫወታል። የአንዱ ወገን ፕላስና ማይነስ ከተለዋወጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ድምሩም ወደ ባዶ ይጠጋል። ማንም ዕቃ አልተቃጠለም፣ ሁሉም ሽቦ ተገናኝቷል፣ ባስ ግን የለም። ብዙ ገጣሚ ያለ ጥፋቱ አምፕሊፋየር የሚያስቀይረው በዚህ ነው። ባላንሱን ወደ ግራ መግፋት የሚያጋልጠው ለዚሁ ነው፤ የአንዱን ወገን ሁለት ሽቦ አለዋውጦ እንደገና ማዳመጥ ነው። ሁለቱም ወገን ልክ ሆኖ ሰቡ ብቻ ከበሮቹ ጋር ከተጣላ ሜኑው ውስጥ ያለውን «ፌዝ» የተባለ የሲግናል መገልበጫ ከ0 ወደ 180 ቀይሮ ጆሮ የወደደውን መተው ይበቃል።

ሰብዉፈሩን ራሱን መፈተሽ የመጨረሻው ነው። ሶኬቱን ከአምፕሊፋየሩ ነቅሎ ኦም ላይ መለካት፦ 2 ኦም የተባለው ከ1.6 እስከ 1.9፣ 4 ኦም የተባለው ከ3.2 እስከ 3.7 ያሳያል። በቅድሚያ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አነካክቶ የሚታየውን ቁጥር መቀነስ አይረሳ፤ በርካሹ ላይ እሱ ብቻ ግማሽ ኦም ሊሆን ይችላል። ቁጥር ጭራሽ ካልመጣ ጥቅልሉ ተበጥሷል፤ ያኔ ገጣሚው እውነቱን ነው። ከሶኬቱ እንደተነቀለ 1.5 ቮልት የሰዓት ባትሪ ለአፍታ ማስነካትም ይቻላል፤ የባትሪው ፕላስ የስፒከሩን ፕላስ ሲነካ ኮኑ (የስፒከሩ ፊት) ወደ ውጭ ይወጣል፣ ካልተንቀሳቀሰ ሞቷል፣ ወደ ውስጥ ከገባ ምልክቱ ተገልብጧል። ኮኑ እየተንቀሳቀሰ ድምፁ የሚንጫጫ ከሆነ ዙሪያው ያለውን ላስቲክ ወይም ስፖንጅ በጣት ይጫኑት። አዳማ ፀሐይ ላይ ዓመታት የቆመች መኪና ስፖንጇ እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል፤ ይህ ከቴፑ ጋር ግንኙነት የለውም። የጎኑ ሽፋን ሲፈታ ተሰብሮ የቀረ ክሊፕም ያንኑ የመሰለ ድምፅ ስለሚያወጣ ሽፋኑን በእጅ ደግፎ ማዳመጥ ይገባል።

ፊውዙ በሞተር ክፍል ወይም ከመሪ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ፣ ክዳኑ ላይ «አምፕ» ወይም «ራድ» በሚል ምህጻር ይገኛል። ከሄደ በዚያው አምፒር ይተካ። ከወንበር ሥር ስትሠሩ ቢጫ ልባስ ያላቸውን ሶኬቶች አትንኩ፣ በመልቲሜትርም አትለኩ፤ የኤርባግ ናቸው። ሽቦ ከመቁረጥ በፊት የባትሪውን ማይነስ መንቀል ይህን ሁሉ ሥጋት ይቀንሳል።

ፉጨቱ ከማይነስ ነው ብለናል። ቴፑ አንድ ቦታ፣ አምፕሊፋየሩ ሌላ ቦታ ቦዲ ላይ ሲታሠሩ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት በአርሲኤው በኩል የዲናሞውን ድምፅ ይዞ ይገባል። የቴፑን ጥቁር ሽቦ የሲጋራ ማቀጣጠያው ማይነስ ላይ ከማጠማዘዝ ይልቅ የፋብሪካው ማይነስ ላይ፣ ወይም ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ በታየ ብሎን ላይ ማሠር ብዙውን ያጠፋዋል። «ኖይዝ ፊልተር» ተብሎ አርሲኤው ላይ የሚሰካው ትንሽ ሲሊንደር ፉጨቱን ያጠፋል፣ ግን ርካሹ በውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ትንሽ ስለሆነ ጥልቁን ባስ አብሮ ይበላል። ለሰብዉፈር መስመር እሱን መጠቀም በሽታውን በሌላ በሽታ መለወጥ ነው።

ሁሉም ልክ ሆኖ፣ 12 ቮልቱም ደርሶ አምፕሊፋየሩ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። በአንዳንድ የቶዮታ ጄቢኤልና በሌክሰስ መኪኖች ላይ አምፕሊፋየሩ የሚነሣው በቮልት ብቻ አይደለም፤ ከፋብሪካው ቴፕ ጋር ኤቪሲ-ላን በተባለ መስመር ይነጋገራል። ያ ንግግር ከሌለ ቮልት ብቻውን አይቀሰቅሰውም። በርከት ባሉ የጀርመን መኪኖች ላይ ደግሞ ድምፁ የሚጓዘው በብርሃን ገመድ ስለሆነ አርሲኤም ሪሞትም አይገናኙም። እንዲህ ላለው ቴፑ ሲገዛ አብሮ የሚመጣ የካን ሳጥን (ቴፑን ከመኪናዋ የመረጃ መስመር ጋር የሚያነጋግር) ያስፈልጋል፤ ሳጥኑም ለዚያው ሞዴል «ባለ አምፕሊፋየር» የተባለው መሆን አለበት። ሳጥኑ ተሰክቶም ቴፑ ውስጥ የመኪናው ዓይነት ካልተመረጠ አይሠራም። የፋብሪካ ሜኑው የይለፍ ቁጥር እንደ ሠሪው ይለያያል፣ በብዛት 126፣ 3368 ወይም 8888 ነው። ገብታችሁ የካን ፕሮቶኮልን ብቻ ለውጡ። የስክሪን ዓይነት የሚለውን የነካ ሰው ጥቁር ስክሪን ይዞ ይመለሳል።

ስለ ገጠማው አገልግሎት። የአዳማ ልጆች ፍሬም ሲያስገቡ እጃቸው ንጹሕ ነው፤ ክሊፕ ሳይሰብሩ ዳሽቦርድ መፍታት፣ የኋላ ካሜራ ገመድ በጣሪያ ጠርዝ ደብቆ ማሳለፍ ይችሉበታል። ደካማው ጎን መጋጠሚያው ነው። ሽቦ ተላጦ ይጠማዘዛል፣ ናስትሮ ይጠቀለልበታል፣ ተገፍቶ ይገባል። እኩለ ቀን ላይ መስኮቷ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና ዳሽቦርድ ውስጥ የናስትሮው ሙጫ ይቀልጣል፣ ጨርቁ ይንሸራተታል፣ የተጠማዘዘው ሽቦ በጉድጓድ መንገድ ንዝረት ይላላል። ባሱ በሁለተኛው ወር መጥቶ መሄድ ይጀምራል፤ ቆንጠጥ ሲያደርጉት ይመለሳል። በሊድ ተበይዶ በሙቀት የሚጠብቅ ቱቦ የለበሰ መጋጠሚያ ግን ዓመታት ይቆያል። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን አንድ ሰዓት ይጨምራልና ሳይጠየቅ የሚያደርገው ጥቂት ነው። አምፕሊፋየር ለሌላት መኪና ሁለት ሰዓት በቂ ነው፤ ፋብሪካ ሰብዉፈር ያላትን በሁለት ሰዓት ጨረስኩ የሚል ሰው ያቺን ላስቲክ አልቀደዳትም።

በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ሌላም ነገር ይወቅ። በፍጥነት ሲነዳ የጎማና የነፋስ ጩኸት በዝቅተኛው ድግግሞሽ ላይ ስለሚበዛ ባሱ የጠፋ ይመስላል። ከተማ ውስጥ ያማረውን ማስተካከያ እዚያ ላይ እስከ ጥግ መክፈት ሰብዉፈሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ከሁለት እርከን በላይ አይጨመር።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሶኬቱ ሳይቆረጥ ነው ወይ የሚገጠመው? ጋራንቲው ስክሪኑን ብቻ ነው ወይስ ሰብዉፈሩ መሥራቱንም? ይህ በደረሰኙ ላይ ይጻፋል ወይ? ከዚያ ገጣሚው ፊት 50 ኸርዙን ከፍታችሁ እጃችሁን ሰብዉፈሩ ሽፋን ላይ አስቀምጡ። እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ገንዘቡ ኪስ ውስጥ ይቆይ።

የፋብሪካው ሶኬት አስቀድሞ ተቆርጦ ከሆነና ለሞዴሉ የሚሆን አዲስ አዳማ ላይ ካልተገኘ፣ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ከፈራረሱ መኪኖች የወጣ ሊገኝ ይችላል። ስትገዙ ቴፑ ጀርባ ላይ የሚሰካውን ሳይሆን ከመኪናዋ የሚመጣውን ወገን፣ ቢያንስ ከ15 ሳንቲሜትር ሽቦው ጋር ጠይቁ። ከሥሩ የተቆረጠ ሶኬት ለመበየድ ቦታ የለውም፤ የሽቦዎቹን ቀለም ካላያችሁም የትኛው የባትሪ፣ የትኛው የስፒከር እንደሆነ የሚነግራችሁ አይኖርም።